ሦስተኛው ቃል

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ሲወቅጥ የልጅ ልጄ ቤዛ ሳሎን ተቀምጣ ኮምፒውተሯ ላይ ትሠራ ነበር። እኔ መስኮቱ አጠገብ ጋቢዬን ተከናንቤ ጋዜጣ አነባለሁ፤ አነባለሁ ልበል እንጂ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ነው ያገላበጥኩት። ድንገት "ወይ ጣጣ! ደርቆ ቀረ" አለችና አንዲት አጭር ቃል ጻፈችበት።

"ምን አልሽው?" አልኳት። ሰው ሲያረጅ በማያገባው መግባት ይወዳል።

"ግደለው አልኩት።"

"ማንን ነው የሚገድለው?"

ከት ብላ ሳቀች። የደረቀ ፕሮግራም የሚያስቆመው ትዕዛዝ ስሙ እንደዚያ መሆኑን፣ በእነሱ ሥራ "ግደል" ማለት "አቁም" ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ለማቆም መግደልን ምን አመጣው ብላት መጀመሪያ የሠራው ሰው እንዲያ ብሎ ስለጠራው ነው አለች። ከዚያ ወዲያ የኮምፒውተር ቋንቋዎቻቸውን ስም ትዘረዝርልኝ ጀመር። አንዱ በቡና ስም ይጠራል፣ አንዱ በጥንት ሊቅ ስም፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ በአንዲት ፊደል። አንዳንዱን ስም ያወጣው ሰውዬ ለቀልድ ብሎ ነው ያወጣው፤ አሁን ግን ዓለም ሁሉ ኮስተር ብሎ ይጠራዋል።

"ስሙ ያልተመቸው ሰው ካለስ? አይቀይሩትም?"

"አንዴ ከተለመደ ማን ይቀይረዋል አባባ? ስንት ቦታ ተጽፏል! ሁሉም ጋ ሄዶ ማረም ሊያስፈልግ ነው።"

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። ከራሴ አፍ የወጣ መልስ ነው።

ቤዛ ግን ቀጠለች። "እንዲያውም እኔም አንድ ትዕዛዝ ሠርቻለሁ። አደጋ ሲመጣ ሁሉን ነገር ባንዴ የሚያስቆም ነው። ምን ብዬ እንደሰየምኩት ታውቃለህ? ጌታቸው! ባንተ ስም።"

ደስ እንዲለኝ ነበር። እኔ ግን "አሁኑኑ አጥፊው" አልኳት፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ልጅቱ ፊቷ ተለወጠ። ስለዚህ የጀመርኩትን መጨረስ ግድ ሆነብኝና ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እነሆ ለእናንተም።

የተወለድኩት ነቀምት ነው። አባቴ ከሸዋ በጸሐፊነት ተሹሞ የሄደ ሰው ስለነበር ቤታችን ውስጥ የሸዋ አማርኛ ይነገራል፤ ከበራችን ውጭ ግን ገበያውም ጨዋታውም በኦሮምኛ ነው። ሁለቱም አፍ መፍቻዎቼ ናቸው ብል አልዋሸሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ዘመኑም የጃንሆይ መጨረሻ ሲሆን፣ ከነቀምት በስተደቡብ በአርጆ በኩል መንገድ የሚሠራ አንድ ድርጅት በሬዲዮ ሠራተኝነት ቀጠረኝ። ሦስት ሬዲዮ ነበረን። አንዱ ነቀምት ዋናው ቢሮ፣ አንዱ አርጆ ሥር ካለው ኮረብታ ላይ፣ ሦስተኛው ላጋ ዲማ በሚባለው ወንዝ ድልድይ አጠገብ። ላጋ ዲማ ቀይ ወንዝ ማለት ነው፤ በበጋ ስታዩት ስሙን ማን አወጣለት ትላላችሁ፣ ልጆች ይራጩበታል። ክረምት ሲገባ ግን የአርጆን ደጋ አፈር ጠርጎ ይወርድና ቀለሙ የታረደ ከብት ደም ይሆናል።

ድልድዩ ከግንድ የተሠራ ጊዜያዊ ድልድይ ነበር። ላይ አርጆ ላይ የዘነበ ውሃ እሱ ዘንድ ለመድረስ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥበትም። ስለዚህ አርጆ ሥር ባለው ወንዝ ዳር ቀይ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ተተከለ፤ ውሃው ቀዩን ሲነካ እዚያ ያለችው የሬዲዮ ሠራተኛ ወደ ድልድዩ ትናገራለች፣ የድልድዩ ሬዲዮ ዘበኛ ከሬዲዮ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለውን ብረት ይደበድባል፣ ድልድዩ አፍ ላይ ያለው ጠባቂ ቀይ ባንዲራ ያነሣል። ማንም አያልፍም። ነገሩ ቀላል ነው።

ያስቸገረው ቃሉ ነበር። ሬዲዮው በክረምት እንደ ንፍሮ ድስት ይንተከተካል። "ቁም" ያልነው "ሂድ" ተብሎ ይሰማል፤ የሌላ ድርጅት ሰዎች ንግግርም ጣልቃ ይገባል። ዋናው መሐንዲስ ጠራኝና "ከሩቅ የሚለዩ ቃላት አውጣ፣ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ቃል" አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ አልነበረም። ሁለት ቀን አስቤ ሰባት ቃላት አወጣሁ። "ብርቱካን" መንገዱ ደህና ነው። "ሁዳዴ" ነዳጅ አልቋል። መጨረሻ ላይ፣ ዋናው መሐንዲስ ድንገት ለቁጥጥር ሲመጣ ደግሞ "ነብሮ"፤ ይህቺን ለእሱ ሌላ ትርጉም ሰጥቼ ነው ያሳለፍኳት። ሦስተኛው ቃል፣ ማንም ድልድዩን አይለፍ የሚለው፣ "ዋቅጅራ" ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ የድልድዩ ጠባቂ ናቸው። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ነጋዴውን፣ ሙሽራውን፣ አስከሬኑን ሳይቀር ያሻገሩት እሳቸው ናቸው፤ ዘንጋቸውን ውሃው ውስጥ ተክለው ትንሽ ያዳምጡና "ዛሬ አይሆንም" ካሉ ፊታውራሪም ቢሆን ተመልሶ ያድራል። ማቆምን የሚያውቅ ሰው እሳቸው ስለሆኑ በስማቸው ሰየምኩት። ላክብራቸው ብዬ ነው። መሐንዲሱ ዝርዝሩን አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዝርዝሩ በሦስት ወረቀት ተገልብጦ በሦስቱ ሬዲዮ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ በራሴ እጅ "ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ቃል አይፈጸምም" ብዬ ጻፍኩበት።

ለሽማግሌው የነገርኳቸው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይህን ወንዝ አርባ ዓመት ስሻገረው ስሜን ነግሬው አላውቅም። እናንተ አሁን በየጠዋቱ ልትነግሩት ነው?"

በየጠዋቱ እንነግረው ነበር። ሁልጊዜ ከሥራ በፊት ሦስቱ ጣቢያዎች ቃላቱን አንድ በአንድ እየጠሩ ይፈትሻሉ። የአርጆዋ ሠራተኛ ጫልቱ ትባላለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማራት፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ። ዝናብም ቢሆን፣ ነጎድጓድም ቢሆን "ዋቅጅራ" ስትል ከነቀምት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያን ቃል ከእሷ የተሻለ የሚጠራው አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ጫልቱ አገባች። ያገባችው ተሊላን ነው፤ የድርጅቱ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የኦቦ ዋቅጅራ ትልቁ ልጅ። ሠርጉ ላይ ሁላችንም ነበርን። ጨጨብሳውን ቅቤ እስኪያጥበን በላን፣ ጨፈርን፣ መርቀን ተመለስን። ከመካከላችን አንድም ሰው ስለዚያ ወረቀት አላሰበም።

ሦስት ሳምንት ቆይታ ቅዳሜ ለገበያ ነቀምት መጣችና ቢሮ ገባች። አዲስ ሻሽ አስራለች። በሩ አጠገብ ቆማ "ወንድም ጌታቸው፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለች።

"ምን ልታዘዝ፣ ሙሽሪት?"

"ሦስተኛውን ቃል ቀይርልኝ። ከእንግዲህ ልጠራው አልችልም።"

ወዲያው ገባኝ። በወለጋ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ለጉ ይሉታል። በሌላ ቃል ተክታ ትናገራለች እንጂ ያ ስም ከአፏ አይወጣም። ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ከወጣ በባለ ስሙ ላይ ክፉ ነገር ይመጣል የሚሉም አሉ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንደዚያ ስለነበሩ ሳውቀው ነው ያደግኩት።

"አንቺ ደግሞ! ትምህርት ቤት ገብተሽ እንዲህ ትያለሽ?"

"ትምህርት ቤት ሳለሁ አማት አልነበረኝም።"

"ሬዲዮም አማት የለውም" አልኳት። የተናገርኩት ነገር አስቆኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "ማሎ" አለች፤ እባክህ ማለት ነው። "አማቴ የሰሙ እንደሆነ... ደግሞ እኔ ራሴ እፈራለሁ። ማሎ።"

"ጫልቱ፣ ሦስት ካምፕ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ ለምዶታል። ክረምቱ ይውጣና እንቀይረዋለን።"

እውነቱን ልናገር። ለመቀየር መሐንዲሱ ዘንድ ሄጄ ያወጣሁት ቃል አልሠራም ማለት ነበረብኝ። ያን አልፈለግኩም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጠዋቱ ፍተሻ ጫልቱ "ብርቱካን፣ ሁዳዴ" ትልና ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "ሦስተኛው" ብላ ታልፋለች። እኔም ነቀምት ሆኜ "ተሰማ" እላለሁ። የድልድዩ ሬዲዮ ዘበኛ ያኔ የአገሩ ልጅ ስለነበር እሱም ገብቶት ዝም ይላል። ነገሩን በሦስታችን መካከል ያበጀነው መሰለን። በሐምሌ ግን ያ ዘበኛ ወደ ኑኑ ቁምባ ተዛወረና በእሱ ቦታ ባሻ ደምሴ መጡ። ባሻ ደምሴ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር። ኦሮምኛ አያውቁም። የተጻፈ ትዕዛዝ ላይ ቀልድ አያውቁም። የጠዋቱን ፍተሻ በማግስቱ ሰምተው "ሦስተኛው ምንድን ነው?" ብለው በሬዲዮ ጠየቁ። "እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። አልነገርኳቸውም፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ነሐሴ ገባ።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን አዲስ ባትሪ ይዤ ከነቀምት ወደ ድልድዩ ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ካፊያ ያካፋል። ወደ አርጆ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ መብረቁ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ኦቦ ዋቅጅራ ድልድዩ አፍ ላይ ባንዲራቸውን በብብታቸው ይዘው ውሃውን ያያሉ። ውሃው ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አረፋ ይዞ ይመጣል። እኔ እያየሁ አንድ ሙሉ እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ እየተንከባለለ አለፈ።

"ሸተተኝ" አሉኝ። "አዲስ አፈር ይሸታል። ልዝጋው።"

"ያለ ቃሉ መዝጋት አይቻልም፣ አባ። ባለፈው ጊዜ መሐንዲሱ ምን እንዳለ ያውቃሉ።" ባለፈው በራሳቸው ውሳኔ ዘግተው ውሃው ሳይመጣ ቀርቶ፣ መኪናዎች ግማሽ ቀን ቆመው፣ በሰው ፊት ተሰድበዋል።

"እንግዲህ የራሴ ስም እስኪጠራ ልጠብቃ" አሉ።

"ይጠብቁ።"

ትቻቸው ወደ ምግብ ቤቱ ድንኳን ሄድኩ። ርቦኝ ነበር። በቅቤ የታሸ ትኩስ አንጮቴ፣ ያ የወለጋ ሥራ ሥር፣ ቀረበልኝ። ያን አንጮቴ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከዚያ ወዲህም ቀምሼው አላውቅም። ከሬዲዮ ቤቱ የባሻ ደምሴ ድምፅ ይሰማል። "ቃሉን ድገሚ! አይሰማም፣ ቃሉን ድገሚ!" ይላሉ። የተለመደ ነው ብዬ አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ደግሞ "ውሃማ እዚህም እየዘነበ ነው! ቃሉ የታለ?" አሉ። ሌላ ጎረስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮኹ ቆጣ ስላሉ ሰሃኑን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ሮጬ አልሄድኩም። እየተራመድኩ ነው የሄድኩት።

ባሻ ደምሴ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። "ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ትለኛለች። ሦስተኛው የሚባል ቃል እዚህ የለም! ከዝርዝሩ ውጭ አይፈጸምም ይላል፣ ይኸው!" የእኔ ጽሑፍ ነው። ሬዲዮው ይንተከተካል፣ በዚያ መሃል የጫልቱ ድምፅ ይቆራረጣል፤ "ማሎ... ሦስተኛው... ማሎ..." ትላለች፤ ታለቅሳለች። ሰሃኑን መሬት ላይ ጣልኩት። "እሱ ነው! ብረቱን ይምቱ!" ልል አፌን ስከፍት ሬዲዮው ባንዴ ጸጥ አለና ድምፅዋ እንደ ድሮው፣ ከሠርጉ በፊት እንደነበረው ጥርት ብሎ መጣ።

"ዋቅጅራ። ዋቅጅራ። ዋቅጅራ።"

ባሻ ደምሴ ብረቱን ደበደቡት። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ግንድ ሲያነሡ የነበሩ ሠራተኞች ከድልድዩ ላይ ሸሽተው ይወጣሉ። ከማዶ አንድ ከባድ መኪና ወደ ድልድዩ እየገባ ነው፤ በካፊያው ውስጥ ባንዲራው አልታየውም፣ ብረቱም አልተሰማውም። የተሊላ መኪና ነው። ሽማግሌው አወቁት። ወደኋላ አልተመለሱም፤ ባንዲራቸውን እያውለበለቡ ድልድዩን ይዘው ወደ ልጃቸው ሮጡ። እኒያ ሽማግሌ እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናው ቆመ፣ ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ውሃው ሲመጣ ሳየው ውሃ አልመሰለኝም፤ ግንድና አፈር አንድ ላይ ሆኖ የሚሄድ መሬት ነበር። ድልድዩ መሃሉ ላይ ከፍ አለና ጠፋ፤ መኪናው ግን ማዶ ወጥቶ ነበር። ባንዲራው ትንሽ ታየ።

የኦቦ ዋቅጅራ አስከሬን የተገኘው በአራተኛው ቀን ነው፣ ወንዙ ዴዴሳ ሊገባ ሲል።

ለቅሶው ላይ ጫልቱ ከሴቶቹ ተነጥላ ጥግ ተቀምጣ ነበር። "ስማቸውን ጠራሁት" ትላለች፣ ሌላ ነገር አትናገርም። "ሦስት ጊዜ ጠራሁት።" የባሏ እናት ፊታቸውን አዙረዋል። ስሙ ተጠራ፣ ወዲያው ሰውየው ሞቱ፤ ይህን ለማገናኘት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ሁሉን እሰማለሁ። ተነሥቼ "ስሙ በመጠራቱ አልሞቱም፤ ቃሉን ቀይርልኝ ብላኝ እንቢ ብያት ነው" ብል ያ ሁሉ ሰው ይሰማኝ ነበር። አልተነሣሁም። መሐንዲሱም ለምን ዘገየ ብሎ ሲጠይቀኝ "የዝናቡ ድምፅ ነው" አልኩት። እሱም አመነኝ። ሦስቱን ወረቀቶች ከየግድግዳው ገንጥዬ አቃጠልኳቸው።

ጫልቱ ዳግመኛ ሬዲዮ አልያዘችም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀምት ገበያ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ አገኘኋት። ተሳሳምን። ልጄ ናት አለችኝ፤ ሌንሴ ትባላለች፣ "ሌንሴ ተሊላ..." ብላ ቆመች። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻትና "ዋቅጅራ" ብላ ጨረሰችው። ጫልቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያን ጊዜም ልነግራት እችል ነበር። ስለ ጤፍ መወደድ አውርተን ተለያየን።

ቤዛ ታሪኩን እስከዚህ ስትሰማ ከኮምፒውተሩ ላይ እጇን አንስታ ነበር። "አባባ፣ ለመቀየር ስንት ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?" አለችኝ።

"ሦስት ወረቀት ነው። ግማሽ ቀን።"

ትዕዛዟን ከፍታ ስሜን አጠፋችና "ቁም" ብላ ጻፈችበት። እኔም ያን ጊዜ የማስበው ስም አውጪው ስሙን አንዴ አውጥቶ እንደሚሄድ፣ ዕድሜ ልኩን የሚጠራው ግን ሌላ ሰው እንደሆነ ነበር። የጫልቱ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ አንድ ለቅሶ ላይ ከዘመዷ የተቀበልኩት ነው። አውጥቼ ለቤዛ ሰጠኋት፣ ደወለችልኝ።

"ጌታቸው? የሬዲዮው?" አለች ጫልቱ። ድምፅዋ አርጅቷል። ከእሷም ዘንድ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

ሁሉን ነገርኳት። ቃሉን ቀይርልኝ ያልሽኝን ለማንም አልተናገርኩም፣ የሞቱት ስማቸውን ስለጠራሽ አይደለም፣ በእኔ ነው አልኳት። መልሷን መጠበቅ አቃተኝና "ያኔ ልጅነትም ነበር ጫልቱ፣ መሐንዲሱም አስቸጋሪ ሰው ነበር፣ ወረቀቱም በሦስት ካምፕ..." ማለት ጀመርኩ።

"ዋቅጅራ" አለችኝ።

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ደገመችው። "ዋቅጅራ። ዋቅጅራ።"

ቃሉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ትርጉሙን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ማመካኘቴን ትቼ ቆምኩ።